ማን ፈረመልህ?

ሁለት የአይኪዶ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ የሚጠያየቁት «ስንት ዓመት ሠራህ?» ብለው አይደለም። «እስቲ አንድ ነገር አሳየኝ» ብለውም አይደለም። «መምህርህ ማነው?» ነው ነገሩ። ቀጥሎ «የእሱስ መምህር?» ይመጣል። ከዚያ «ማን ፈተነህ? ወረቀትህ ላይ የማን ፊርማ አለ? የቶኪዮ ነው ወይስ የሌላ?» ይቀጥላል። ጋብቻ ለማስተሳሰር ሰባት ቤት እንደሚቆጥር ሽማግሌ ሐረጉን ወደ ላይ ይቆጥሩታል። ጫፉ ላይ ነጭ ጢም ያላቸው አጭር ጃፓናዊ አዛውንት ካልተገኙ የጠያቂው ፊት ይቀየራል።

ጥያቄው ሁልጊዜ ከንቱ ነው አልልም። የሚያናድደኝ፣ ስለ አንድ ነገር እየጠየቅን ስለ ሌላ ነገር የጠየቅን ማስመሰላችን ነው። ስለ ችሎታ የተጠየቀ ይመስላል፤ የተጠየቀው ግን ስለ ፈቃድ ነው። ማን ፈቀደልህ? ክፍያህ ወዴት ሄደ? መምህርህ ከማን ጋር ተጣልቶ ነው እዚህ የደረሰው? እነዚህ የድርጅት ጥያቄዎች ናቸው። ድርጅት መኖሩ ነውር የለውም። የድርጅት ጥያቄ የጥበብ ጥያቄ መስሎ ሲመጣ ግን ሰው ይጎዳል፤ የተጎዳም አውቃለሁ፣ እመለስበታለሁ።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ አይኪዶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓን ውስጥ ቅርጽ የያዘ የትግል ጥበብ ነው። የእጅ አንጓ ይዞ መጠምዘዝ፣ የመጣብህን ሰው ጉልበት ተቀብሎ መዞር፣ መጣል፣ መሬት ላይ አስተኝቶ መቆለፍ። በአብዛኞቹ ቤቶች ውድድር የለም። ሁለት ሰዎች ተራ በተራ ይሠራሉ፤ አንዱ ያጠቃል፣ አንዱ ይጥላል። የሚወድቀው ሰው፣ ኡኬ ይባላል፣ እንዳይጎዳ እንቅስቃሴውን ተከትሎ ይወድቃል። እኔ ይሄን ነገር እወደዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ውዬ ማታ ታታሚ ላይ ስንከባለል ነው ሰው የምመስለው። ግን ውድድር አለመኖሩ የራሱ ዋጋ አለው። ቦክስ ውስጥ የአሰልጣኝህ ስም የፈለገውን ያህል ቢገዝፍ፣ ካልቻልክ ቅዳሜ ማታ ሰው ፊት ትዘረራለህ፣ በቃ። አይኪዶ ውስጥ ሰው ፊት የሚዘርርህ የለም። ነጥብ የለም፣ ሰንጠረዥ የለም። ያንን ባዶ ቦታ የሞላው የደረጃ ቁጥርና የመምህራን ሐረግ ነው። ስለዚህም ነው ሰዎቹ ለወረቀት እንዲህ የሚሞቱለት፤ ከወረቀቱ ሌላ የሚያሳዩት ውጤት የላቸውም።

እሺ፣ ሐረግ ከሆነ ጉዳዩ፣ የሐረጉን ጫፍ እንየው።

ሞሪሄይ ኡኤሺባ በ1883 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ታናቤ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በ1915 ሆካይዶ ደሴት ላይ ኤንጋሩ በሚባል ቦታ ሶካኩ ታኬዳ የተባሉ ኃይለኛ ሰው አገኙ። ታኬዳ ዳይቶ-ሪዩ የሚባለውን ጥበብ ከከተማ ከተማ እየዞሩ በክፍያ የሚያስተምሩ ነበሩ። ዛሬ አይኪዶ ውስጥ የምንማራቸው የመቆለፍና የመጣል ስልቶች አብዛኞቹ ከዚያ የመጡ ናቸው። በ1922 ታኬዳ ለኡኤሺባ «ክዮጁ ዳይሪ» ሰጧቸው፤ መምህሩን ወክሎ የማስተማር ፈቃድ ማለት ነው። ወረቀቱ ይሄ ነው። ውክልና ነው እንጂ «ጨርሰሃል» የሚል ምስክር አይደለም።

ታኬዳ ደግሞ መዝገብ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ማን የት መቼ እንደተማረ አንድ መዝገብ፣ ማን ስንት እንደከፈለ ሌላ መዝገብ። ተማሪው ስሙ ይሰፍራል፣ ማኅተሙን ያሳርፋል። እሳቸው ራሳቸው ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር ይባላል፤ የሚጽፉላቸው ሌሎች ናቸው። መዝገቦቹ ግን ተርፈው ዛሬ የታሪክ ተመራማሪ ይጠቀምባቸዋል። (ከብዙ የዘመናችን መሥሪያ ቤት ዳታቤዝ የተሻለ ተይዟል፤ ይሄን የምለው ሥራዬ ስለሆነ ነው።)

አሁን ወደሚጣፍጠው። በ1930ዎቹ ኡኤሺባ ኦሳካ ውስጥ የአሳሂ ጋዜጣ ሠራተኞችን ያስተምሩ ነበር። በ1936 ታኬዳ ራሳቸው እዚያው ተገኙ። ኡኤሺባ መምህራቸውን ፊት ለፊት ሳያገኙ ኦሳካን ለቀው ሄዱ፣ ተማሪዎቻቸው ከታኬዳ ጋር ቀጠሉ። ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱ ታኩማ ሂሳ ነበሩ። በ1939 ታኬዳ ለሂሳ «ሜንክዮ ካይደን» ሰጧቸው፤ ጥበቡን እስከ መጨረሻው የተቀበለ ሰው የሚሰጠው ምስክር ነው። ኡኤሺባ ይሄን ከታኬዳ አላገኙም። እንግዲህ ዛሬ በኡኤሺባ ስም የሚጠየቀውን ጥያቄ ያኔ ለኡኤሺባ ብናቀርብላቸው ምን ይሆናል? የገዛ ተማሪያቸው በወረቀት ይበልጧቸዋል። ከፈራሚያቸው ጋር ተራርቀዋል። የሚያስተምሩትን ነገር ስም እየቀያየሩ ነው፤ «አይኪዶ» የሚለው ስም በይፋ የተመዘገበው በ1942 ነው። ዛሬ አንድ ወጣት በዚህ ዓይነት ፋይል ቢመጣ «እውቅና የለህም፣ ከዜሮ ጀምር» ይባላል።

ታዲያ ኡኤሺባ ትንሽ ሰው ናቸው? በፍጹም። በ1930 የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ መጥተው አይተዋቸው፣ የራሳቸውን ተማሪዎች ከእሳቸው ዘንድ እንዲማሩ ላኩ። ካኖ ተማሪ የላኩት ሰባት ቤት ቆጥረው አይደለም። ዓይናቸው ያየውን አምነው ነው።

ከኡኤሺባ ወደ ላይ እንቀጥል ካልን ነገሩ ይባስ ይቀጥናል። ዳይቶ-ሪዩ ራሱን የሚያያይዘው ሚናሞቶ ኖ ዮሺሚትሱ ከሚባሉ የ11ኛው ክፍለ ዘመን የጦር መሪ ጋር ነው። የስምንት መቶ ዓመት ሐረግ መሆኑ ነው። ከታኬዳ በፊት ግን ጥበቡ በዚህ ስም መኖሩን የሚያረጋግጥ አስተማማኝ ሰነድ የለም። ይሄ ማለት ታኬዳ አጭበርባሪ ናቸው ማለት አይደለም፤ ሰውየው የሚችሉ መሆናቸውን አብሯቸው የሠራ ሁሉ መስክሯል። ሐረጉ ባይረጋገጥም ችሎታው ነበረ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

ይሄን ታሪክ በአብዛኛው የምናውቀው ስታንሊ ፕራኒን በተባሉ አሜሪካዊ ምክንያት ነው። በ1974 «አይኪ ኒውስ»ን ጀምረው በሕይወት የነበሩትን አረጋውያን ጎራ ሳይለዩ እየዞሩ ጠየቁ፤ የታኬዳን ልጅ ሳይቀር። ለዓመታት ዳይቶ-ሪዩ በኡኤሺባ ታሪክ ውስጥ እንደ አንዲት የግርጌ ማስታወሻ ሲነገር የነበረውን ወደ መሐል ያመጡት እሳቸው ናቸው። ሐረግ እንደ ንብረት የሚያዝ ከሆነ የማይመቸው ቅርንጫፍ ይቆረጣል፤ ይሄ በፖለቲካችንም የምናውቀው ነገር ነው፣ አልገባበትም።

የደረጃ ቁጥሩስ? ሰዎች «ዳን»ን ከሳሙራይ ዘመን የወረደ ይመስላቸዋል። ካኖ ኮዶካንን በ1882 መሥርተው በዓመቱ ለሁለት ተማሪዎቻቸው የመጀመሪያውን ዳን ሰጡ። ሐሳቡን የወሰዱት ጎ ከሚባለው የሰሌዳ ጨዋታ ነው። ተማሪ ሲበዛ ማን የት እንደደረሰ ለመለየት የሚጠቅም የትምህርት ቤት ዘዴ ነው፣ ጥሩ ዘዴም ነው። «ሾዳን»፣ እኛ ጥቁር ቀበቶ ብለን የምንርበተበትለት፣ ትርጉሙ «የመጀመሪያ ደረጃ» ነው። ፊደል ቆጥረህ ጨርሰሃል፣ አሁን ማንበብ ጀምር እንደማለት።

ኡኤሺባ በ1969 ዐረፉ። መሪነቱ ለልጃቸው ለኪሾማሩ፣ በ1999 ደግሞ ለልጅ ልጃቸው ለሞሪቴሩ ሄደ። «ዶሹ» ይባላሉ፣ የመንገዱ መሪ። ቤተሰብ የሚወርሰው ጥበብ ጃፓን ውስጥ እንግዳ አይደለም፤ የሻይ ሥነ ሥርዓቱም የአበባ አደራደሩም እንዲሁ ነው። ኪሾማሩ ደግሞ ትልቅ ሥራ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ከጦርነቱ በኋላ አይኪዶ ከአንድ ሰፈር ወጥቶ ዓለምን የዳረሰው በእሳቸው ድካም ነው። ለውርሱ ክብር አለኝ። ውርስ ግን ፈተና አይደለም። የቤተሰቡ ሰው ያለ ወረቀት ይወርሳል፣ እኛ ግን ያለ ወረቀት መጥረጊያ አንይዝም።

የወጡትንም እንቁጠራቸው እስቲ። ኬንጂ ቶሚኪ በ1940 ከኡኤሺባ እጅ 8ኛ ዳን የተቀበሉ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲያስተምሩ ውድድር እናስገባ አሉ፣ ችሎታ በሚታይ ነገር ይለካ አሉ። ዋናው ቤት ይሄን አልተቀበለም። እስከ ዛሬ «የቶሚኪ ልጆች» በብዙ ቤት እንደ እንጀራ ልጅ ነው የሚታዩት። ጎዞ ሺዮዳ በ1955 ዮሺንካንን አቋቋሙ። ኮይቺ ቶሄይ የዋናው ዶጆ ዋና አሰልጣኝ ነበሩ፣ በ1953 አይኪዶን ሃዋይ ያስገቡት እሳቸው ናቸው፣ በ1969 ደግሞ 10ኛ ዳን ሆኑ። በ1974 ለቀው ወጡ። ቶሄይና ኪሾማሩ እህትማማቾች ያገቡ ሰዎች ነበሩ፤ ጠቡ የአንድ ቤት ጠብ ነው ማለት ይቻላል። ከእሱ የተነሳ ግን በፓስፊክ ማዶ ያሉ፣ ሁለቱንም በቅጡ የማያውቁ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ጎራ እንዲመርጡ ተገደዱ። ትናንት አብረው ሲወድቁና ሲነሱ የነበሩ ሰዎች ዛሬ አንዱ «እውነተኛ»፣ አንዱ «የወጣ» ሆነ። የእጃቸው አያያዝ በአንድ ሌሊት የተለወጠ ይመስላችኋል?

ሺንጉ የነበሩት ሚቺዮ ሂኪትሱቺ ደግሞ አሉ። መሥራቹ በ1969 10ኛ ዳን በቃል ሰጥተውኛል አሉ። በቃል! ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ክርክሩ ሁልጊዜ «ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም» ነው። ሂኪትሱቺ ታታሚ ላይ ምን ይመስሉ ነበር ብሎ የሚጀምር ክርክር እስካሁን አልገጠመኝም።

ወደ ሥራዬ ልውሰዳችሁ አንዴ። የባንክህን ድረ ገጽ ስትከፍት ከአድራሻው ጎን የቁልፍ ምልክት ታውቃለህ? ከኋላው ሰርተፍኬት አለ። ያንን ሰርተፍኬት ሌላ ሰርተፍኬት ፈርሞበታል፣ ያንንም ሌላ። ወደ ላይ ትወጣለህ፣ ትወጣለህ፣ ጫፍ ላይ ስትደርስ በራሱ ላይ ራሱ የፈረመ ሰርተፍኬት ታገኛለህ። ከበላዩ ማንም የለም። የምናምነው የብሮውዘሩ ሠሪዎች «ይታመን» ብለው ዝርዝር ውስጥ ስላስገቡት ነው። ይሄ ሥርዓት ይሠራል፣ ያለ እሱ ኢንተርኔት ላይ ገንዘብ አይላክም። ግን የሚያረጋግጥልህ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የምታነጋግረው በስሙ የተጠራው አካል መሆኑን። ያ አካል ሐቀኛ ይሁን ሌባ አይነግርህም። የአጭበርባሪ ድረ ገጽም ቁልፍ አለው።

የአይኪዶ ሐረግ ልክ እንደዚህ ነው። «ይሄ ሰው በእርግጥ ከዚያ ቤት ነው» ይላል። ጥሩ ያስተምራል አይልም። ተማሪ አይሰብርም አይልም። ጫፉ ላይ ያሉትም አዛውንት፣ በወረቀት ቋንቋ ካወራን፣ በራሳቸው ላይ የፈረሙ ናቸው። ስላመንናቸው ነው ሥር የሆኑት። ያመንናቸው ደግሞ ስለሚችሉ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሚጀምረው ከማየት ከሆነ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ለምን ማየት ቀረ?

እመለስበታለሁ ያልኩት ሰው ይሄ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አብሮኝ የሚለማመድ ልጅ አለ። ስድስት ዓመት ሠርቷል። ሥራ ከሌለበት ቀን ቀርቶ አያውቅም፤ አዲስ ሰው ሲመጣ ሁላችንም ወደ እሱ እንልካለን፣ ማንም እሱ እጅ ላይ ተጎድቶ ስለማያውቅ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች በነፃ ያስተምር ነበር። አንድ ጊዜ ከአውሮፓ አንድ መምህር መጣ፣ ሁለት ቀን አስተማረን። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ነው። ሁለቱንም ቀን ለማሳያ ደጋግሞ የጠራው ይሄንኑ ልጅ ነበር፤ እሱን ይጥላል፣ እሱ ይነሳል፣ «ጥሩ፣ ጥሩ» ይላል። እሁድ ማታ የፈተና ነገር ሲነሳ ወረቀቶቹን አየ። ፊርማው ከድርጅቱ የወጣ ሰው ፊርማ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ለምን እንደወጣ እኔም ልጁም አናውቅም፤ እኛ የማናውቀው አህጉር ውስጥ፣ እኛ የማናውቃቸው ሰዎች ተጣልተው ነው። «ይሄ አይቆጠርም» አለው። «ከ5ኛ ክዩ መጀመር አለብህ።» ጥዋት ሲጥለው የዋለውን ልጅ!

ቁጥሩ ለልጁ ብዙም አልነበረም፣ ሳቀበት። ግን የቅዳሜውን ትምህርት የሚሰጥበት የወጣት ማዕከል አዳራሹን ለመቀጠል «እውቅና ያለው ሰርተፍኬት» ጠየቀ። የለውም። ከ5ኛ ክዩ ጀምሮ እያንዳንዱ ፈተና ክፍያ አለው፣ ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ነው፣ ፈታኙ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው፤ ያውም በዓመት አንዴ ከመጣ። አዳራሹ ተዘጋ፣ ልጆቹ ተበተኑ። እና ይሄ ሁሉ የሆነው «የጥበቡን ጥራት ለመጠበቅ» ነው።

አንዱ ተነስቶ እንደሚለኝ አውቃለሁ፦ «ታዲያ ዩቲዩብ አይቶ ማስተር ነኝ የሚለውስ?» አለ፣ አውቀዋለሁ፣ ሁላችንም አንድ አንድ እናውቃለን። አደገኛም ነው። ሺሆናጌ የሚባለውን ጥለት የማያውቅ ሰው ከያዘው ተጣዩ ወደ ኋላ በማጅራቱ ይሄዳል፤ መውደቅ ካልተማረ ጭንቅላቱ መጀመሪያ ይደርሳል። የማን ተማሪ ነህ ብሎ መጠየቅ እዚህ ላይ ይረዳል፣ አልክድም። ግን ለጀማሪ ደህንነት ከሐረግ የሚሻል ምልክት በዓይን ይታያል። ቁጭ ብለህ አንድ ክፍለ ጊዜ ተመልከት። ጀማሪው ከመጣሉ በፊት መውደቅ ይማራል ወይ? መምህሩ ራሱ ለተማሪ ይወድቃል ወይስ ሁልጊዜ ጣይ ብቻ ነው? አንድ ሰው መሬቱን በእጁ መታ መታ ሲያደርግ ወዲያው ይለቀቃል ወይ? ትተው የሄዱት ለምን ሄዱ? ከቶኪዮ የታተመ ወረቀት ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ለእነዚህ ሁሉ መልሱ መጥፎ የሆነበት ቤት ይኖራል።

ሐረግ መጠየቅ በራሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቅኔ ቤትም «የማን ተማሪ ነህ?» ይባላል፤ ዋድላ ነህ፣ ዋሸራ ነህ፣ ጎንጅ ነህ? ግን ጥያቄው እዚያ አያበቃም። ቆመህ ትቀኛለህ፣ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይሰማሃል። ቤት ያልመታን ቅኔ የመምህር ስም አያድነውም። የአይኪዶ ሰዎች የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘው ሁለተኛውን ግማሽ ጥለውታል።

ነገሩ ደግሞ ከኢትዮጵያ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ሰምና ወርቅን ርዕሱ ያደረገውን የ1965 መጽሐፍ የጻፉት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ሶሺዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን የአይኪዶ መምህርም ነበሩ። ጥበቡን ከታታሚው ውጪ ለሰላምና ለማኅበረሰብ ሥራ ለማዋል አይኪ ኤክስቴንሽንስ የተባለ ማኅበር መሠረቱ፤ ሐዋሳ ውስጥ የተቋቋመው የወጣቶች ዶጆም የዚያ ማኅበር ድጋፍ ነበረው። ይሄ ዓይነት ሥራ ሲታሰብ የዳን ወረቀት ክርክር ምን ያህል እንደሚያሳፍር ተመልከቱ። ወጣቶች እርስ በርስ ሳይጎዳዱ መያያዝና መለቃቀቅ ከተማሩ፣ «ፊርማው የማን ነው?» ብሎ የሚመጣው እንግዳ በምን ሚዛን ነው የሚያርማቸው?

ድርጅቶቹ ይፍረሱ አላልኩም። ትልልቆቹ ጥበቡን ከአገር አገር አሻግረዋል፤ መጻሕፍት አሳትመዋል፣ መምህራን ልከዋል። ከእነሱ የምፈልገው ትንሽና ግልጽ ነው። የፈተናና የምዝገባ ክፍያው ስንት እንደሆነና ለምን እንደሚውል ለከፋዩ ይነገረው። ከሌላ ቅርንጫፍ የመጣ ሰው በወረቀቱ ሳይሆን ባለበት ደረጃ ይፈተን፤ 2ኛ ክዩ ከሆነ እንደ 2ኛ ክዩ ፈትኑት፣ ከወደቀ ይውደቅ፣ ማንም አያለቅስም። የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች እዚሁ ያሉ ለዓመታት የሠሩ ሰዎች ተሰብስበው መፈተን ይችሉ፣ ክፍያውም በብር ይሁን። በአንድ ቤት ጠብ ምክንያት የተማሪ ዓመታት አይሰረዙ። ጠቡን ያልጀመረ ሰው ለምን ዕዳውን ይከፍላል?

ያ መምህር በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል ተብሏል። የተሳትፎ ክፍያው ከወዲሁ ተልኮልናል፣ በዩሮ። ልጁ ይመዝገብ አይመዝገብ ገና አልወሰነም። ከተመዘገበ፣ መምህሩ ወረቀት ከመጠየቁ በፊት አንጓውን ይዞ ይሞክረው።